አልገባም

ኮሎምቦ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል።
ሻንጣው ሚዛን ላይ ነው፤ እኛም ከሱ እኩል
ቆመን እንመዘናለን።
ኒልሚኒ እጅ ላይ ፌስታል፣ እናቷ የቋጠረችው፣
ቀረፋና የደረቀ ዓሣ፣ በሦስት ጋዜጣ ያፈነችው፤
ሽታው ግን ጋዜጣ አያነብም።

ደረቷ ላይ ባለው ካርድ ሩወንቲ ትባላለች፤
"ሚስተር ኤቼቬሪ፣ እርስዎ ይለፉ" አለች።
የባለቤቴን ፓስፖርት ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች፣
አንድ ገጽ የጠፋባት መስሎ ጣቷን አርሳ ፈለገች፣
ቀስ ብላ ዘጋች።
"በፓሪስ ለማለፍ ቪዛ የላቸውም እሳቸው።"

"ፓሪስ ማን ይሄዳል? ሞንቴቪዴዮ ነው ቤታችን፤
ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው እዚያ የመቆያ ጊዜያችን፤
ከበር እስከ በር ብቻ፣ ከወንበር እስከ ወንበር፤
ከተማዋን አናያት፣ አንረግጥባት ምድር!"
"አውቃለሁ" አለች ሩወንቲ፤ "ላለመግባትም ቪዛ አለው።
እርስዎን አይመለከትም፤ እሳቸውን ነው የሚለው።"

ኒልሚኒ ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ምስክር
ቀኝ እጇን አነሳች፦
"አልገባም።"
እኔም አልኩ፦
"አልገባኝም።"
በአንዲት "ኝ" ተለያየን።

የጋብቻ ወረቀታችንን አወጣሁ፣ ባለ ሁለት ማኅተም፤
"አንድ አካል አንድ አምሳል" ተብለን ስምንት ዓመት ሊሞላን፣
ሚዛኑ ላይ ስንደርስ
ሻንጣው አንድ፣ እኛ ሁለት ሆንን።

ሩወንቲ ወደ እኛ ጎንበስ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
"የኔም ፓስፖርት ያው የሳቸው ነው" አለች።
"በቀን ሁለት መቶ ሰው በዚህች እጄ አሳልፋለሁ፤
ራሴ ብመጣ ግን ራሴን እመልሳለሁ።"
ከኋላችን ያለው ሰው ጋሪውን ተረከዜ ላይ ገፋ።

ገንዘብ ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን።
የያዝነው ትኬት አይመለስም፤
ለአንድ ሰው አዲስ መግዣ ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም።
እሷ በማግስቱ በዶሃ፣ እኔ አሁን በፓሪስ።
ፌስታሉን እጄ ላይ አስጨበጠችኝ፦
"የእናቴን ዓሣ አንተ ያዝ።
አንተ ታልፋለህ።"

እንግዲህ ኒልሚኒ፣ ካንቺ የተጠበቀውን ስፍራ
ልንገርሽ፦
ረጅም ኮሪደር፣ ግራጫ ምንጣፍ፣
ጎኑ የተቀደደ፣ በሰማያዊ ፕላስተር የታሸገ ወንበር፣
ሳንቲሜን ውጦ ዝም ያለ የውሃ ማሽን፣
አንድ እግር የሕፃን ካልሲ፣
መስኮት፤ ከመስኮቱ ማዶ ዝናብ፤ ከዝናቡ ማዶ
ሌላ መስኮት።
ስለ ማማው አትጠይቂኝ፤ አይታይም።
ዓሣው ግን አለፈ። በመፈተሻው ማሽን ሆድ
ገብቶ ወጣ፤ የየት አገር ነህ ያለው የለም።

አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ምርኩዝ የያዙ፤
"ይህ ወንበር ተይዟል?" አሉ።
ፌስታሉን አየሁት። "አዎ፣ ተይዟል።"
ዙሪያውን ቃኙ፤ ሰው የለም።
"ለማን?"
"ላለመግባት ለተከለከለች ሴት።"
ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤
እኔም ሳይገባኝ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባውን ሙሉ
ወንበሩን ጠበቅኩልሽ።

ሞንቴቪዴዮ ደርሼ አደርኩ፤ እሷ በማግስቱ መጣች፣
እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ።
አውቶቡሱን ስንጠብቅ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ
"ፓሪስ እንዴት ናት?" አለችኝ።
"አልገባሁም" አልኳት።
ሳቀች። ፌስታሉን ፈታች፣
ጋዜጣውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገለጠች፣
ዓሣውን ጅራቱን ይዛ
ፊቷን እንደ ሩወንቲ ኮስተር አድርጋ
"እሺ፣ አንተስ?" አለችው፤
"አንተ ምን አየህ?"